ካልቸር ምንድን ነው?

ሐኪም «ካልቸር ይሠራለት» ብሎ ሲያዝ፣ ማለትም ከታማሚው በተወሰደ ናሙና ውስጥ ያለው ባክቴሪያ አድጎ እንዲለይ ሲጠይቅ፣ አስታማሚ መጀመሪያ ዋጋውን፣ ቀጥሎ «ስንት ቀን ይፈጃል?» ብሎ ይጠይቃል። ብዙ ጊዜ ምርመራውን የሚያስቀረው የሁለተኛው ጥያቄ መልስ ነው። የሽንት ውጤት ሁለት ሦስት ቀን ይወስዳል። ደም ከሆነ፣ ምንም ካላደገ እስከ 5 ቀን ይጠበቃል። ከአለታ ወንዶ ወይም ከበንሳ ተነሥቶ ሐዋሳ ሪፈራል ለገባ ሰው፣ አልጋና ምግብ ሲታሰብ፣ ይህ ቀላል አይደለም።

ጊዜ የሚወስደው ባክቴሪያው እስኪያድግ ስለሚጠበቅ ነው። ሽንት፣ መግል ወይም አክታ ለባክቴሪያ ምግብ በሚሆን ጄል ላይ ይቀባል፤ ደም ደግሞ መጀመሪያ በራሱ ጠርሙስ ውስጥ ይገባል። 35 ዲግሪ አካባቢ በሚሞቅ ኢንኩቤተር ውስጥ ካደረ በኋላ በዓይን የማይታየው ጀርም ተባዝቶ ነጠብጣብ ሆኖ ይታያል። ዓይነቱ ይለያል። ከዚያ ይህንኑ ባክቴሪያ ሌላ ሳህን ላይ አዳርሰው ቀብተው፣ የተለያየ አንቲባዮቲክ የያዙ ትንንሽ ክብ ወረቀቶች ያስቀምጡበታል። በማግስቱ መድኃኒቱ የሠራበት ወረቀት ዙሪያውን ባዶ ሆኖ ይገኛል፤ የባዶው ክብ ስፋት በሚሊሜትር ተለክቶ ከመመዘኛው ጋር ይነጻጸራል። ባክቴሪያው ወረቀቱ ሥር ድረስ ካደገ መድኃኒቱን ተላምዷል። ውጤቱ ላይ ኤስ ፊደል ያለበት ይሠራል፣ አር ያለበት አይሠራም። የተላመደው ባክቴሪያው እንጂ የታማሚው ሰውነት አይደለም፤ ስለዚህ ያው ባክቴሪያ ወደ ሌላ ሰው ሲተላለፍ መድኃኒቱን በሕይወቱ ቀምሶ የማያውቅ ሕፃን እንኳ አይድንበትም።

(በየክሊኒኩ «ታይፎይድ አለብህ» የሚያሰኘው ፈጣን የደም ምርመራ ካልቸር አይደለም። እሱ የሚያየው ሰውነት ያመረተውን መከላከያ ነው፤ የድሮ ሕመምም ሌላ ኢንፌክሽንም ፖዘቲቭ ሊያደርገው ይችላል፤ የትኛው መድኃኒት እንደሚሠራም አይናገርም። በዚህ ምርመራ ምክንያት ያለ አግባብ የተዋጠው ሲፕሮ ብዙ ይመስለኛል።)

ምርመራውን ከምንም በላይ የሚያበላሸው ግን ናሙናው የሚሰጥበት ሰዓት ነው። ናሙና የሚወሰደው ከመጀመሪያው አንቲባዮቲክ በፊት ነው። ሰፈር ካለ ፋርማሲ አሞክሳሲሊን ገዝቶ ሁለት ቀን የዋጠ ሰው ሽንቱን ቢሰጥ ባክቴሪያው ሳህኑ ላይ ላያድግ ይችላል፤ ሰውነቱ ውስጥ ግን አልጠፋም። «ምንም አላደገም» የሚለው ውጤት ያኔ የሚያጽናና አይደለም፤ ስለዚህ ምን እንደተዋጠ ሳይደብቁ መናገር ይገባል። በጠና ለታመመ ሰው ግን ውጤት እየተጠበቀ ሕክምና አይዘገይም፦ ደሙ ይቀዳል፣ መድኃኒቱ ወዲያው ይጀመራል፣ ውጤቱ ሲመጣ ይስተካከላል።

ያለ ካልቸር ሐኪም የሚያዘው በግምት ነው። ግምቱ በሆስፒታሎቻችን አብዛኛውን ጊዜ ሴፍትሪአክሶን በተባለው የመርፌ አንቲባዮቲክ ላይ ያርፋል፤ የዓለም ጤና ድርጅት ግን ይህን መድኃኒት ባክቴሪያ ቶሎ ሊላመዳቸው ስለሚችል በጥንቃቄ ይሰጡ ከሚላቸው ጋር መድቦታል። እንደ ክሌብሲዬላ ያሉ ባክቴሪያዎች እሱን የሚሰባብር ኢንዛይም ካመረቱ ቀጣዩ አማራጭ ሜሮፔኔም የተባለው አንቲባዮቲክ ነው፤ ዋጋው ይከብዳል፣ ሁሉም ቦታም አይገኝም። በ2019 እ.ኤ.አ. በዓለም ላይ 1.27 ሚሊዮን ያህል ሰዎች መድኃኒት በተላመዱ ባክቴሪያዎች ሳቢያ እንደሞቱ ተገምቷል።

የአንድ ታማሚ ውጤት ለሌላውም ይተርፋል። የዓመቱ ውጤቶች ሲጠራቀሙ ሆስፒታሉ በየክፍሉ የትኛው መድኃኒት እንደሚሠራ ያውቃል። በጨቅላ ሕፃናት ክፍል ተመሳሳይ ባክቴሪያ ከተደጋገመ ደግሞ በእጅ ወይም በዕቃ እየተዛመተ ሊሆን ስለሚችል የእጅ መታጠቢያው፣ ካኑላውና ካቴተሩ (ወደ ሰውነት የሚገቡት ቀጫጭን ቱቦዎች) ይፈተሻሉ።

ትኩሳቱ ስለበረደ ብቻ ውጤቱን ሳይቀበል ወደ አገሩ የሚሄድ ሰው ብዙ ነው። ውጤቱ ለሐኪሙ መድረስ አለበት፤ በመርፌ የተጀመረውን ብርቱ መድኃኒት ወደ ርካሽ ኪኒን መቀየር ይቻል እንደሆነ የሚያየው በዚያ ወረቀት ነው።