ስለ ኦድሪ ሄፕበርን በስህተት የሚወራው እና እውነታው

የሆሊውዷን ተዋናይ የኦድሪ ሄፕበርንን ፊልሞች አይቼ አልጠግብም። ስለ እሷ የሚወራው ብዙ ነገር ግን ልክ አይደለም። ዓመቶቹን በፈረንጆች አቆጣጠር ነው የጻፍኳቸው።

«ቅጥነቷ የዳይት ውጤት ነው።»

ከሁሉም የሚያሳዝነኝ ይሄ ነው። ኦድሪ በ1929 ብራስልስ ተወለደች። አባቷ ጥሏቸው ሲሄድ ስድስት ዓመቷ ገደማ ነበር። ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ሲነሳ እናቷ «እዚያ ደህና ነው» ብላ ወደ ሆላንድ ወሰደቻት። በ1940 ግን ጀርመን ሆላንድንም ያዘች። ከ1944 ወደ 1945 የተሻገረው ክረምት እስከ ዛሬ «የረሃብ ክረምት» ይባላል። ሰው የቱሊፕ አበባ ሥር ሳይቀር ቀቅሎ በላ። ወደ 20 ሺህ የሚጠጋ ሕዝብ አለቀ። ኦድሪ ያኔ የ15 ዓመት ልጅ ነበረች። ደም ማነስ ያዛት፣ ሰውነቷ አበጠ። ከጦርነቱ በኋላ ለንደን ሄዳ የባሌት ዳንስ ስትማር አስተማሪዋ ማሪ ራምበርት ዋና ዳንሰኛ መሆን እንደማትችል ነገረቻት። ቁመቷ ረዝሟል፣ ሰውነቷም በረሃብ ተጎድቷል። ወደ ትወና የዞረችው ከዚያ በኋላ ነው። ምግብማ ትወድ ነበር። ልጇ ሉካ እንደሚናገረው ፓስታ በሱጎ ነፍሷ ነው።

«የካትሪን ሄፕበርን እህት ናት።»

አይደለችም። ካትሪን ሌላ የሆሊውድ ተዋናይ ነበረች፤ ምንም ዝምድና የላቸውም።

«በፊልም ላይ የምትዘፍነው እሷ አይደለችም።»

በ1964ቱ ማይ ፌር ሌዲ ላይ እውነት ነው፤ አብዛኛው ድምፅ የዘፋኟ የማርኒ ኒክሰን ነው። በ1961ዱ ብሬክፋስት አት ቲፋኒስ ላይ ግን መስኮት ላይ ተቀምጣ፣ ጊታር ይዛ ሙን ሪቨርን የምትዘፍነው ራሷ ናት። ሄንሪ ማንቺኒ ዜማውን የሠራው በእሷ ድምፅ ልክ ነው። ያ ለስላሳ፣ ትንሽ የሚፈራ ድምፅ ለእኔ ከየትኛውም የሠለጠነ ዘፋኝ ይበልጥብኛል።

«ኑሮዋ እንደ ፊልሟ የሞላለት ነበር።»

ሁለቴ አግብታ ሁለቴም ፈታለች። በተደጋጋሚ ፅንስ ወርዶባታል። ከ1967 በኋላ ልጆቿን ሾንንና ሉካን ለማሳደግ ብላ ከፊልም ለዓመታት ራቀች። ያኔ ስሟ ገና እንደገነነ ነበር።

«ዩኒሴፍ የገባችው ለታይታ ነው።»

ይሄ ለእኛ ቅርብ ነው። በ1988 የዩኒሴፍ አምባሳደር ስትሆን የመጀመሪያ ጉዞዋ ወደ ኢትዮጵያ ነበር። መቀሌ ውስጥ 500 የተራቡ ሕፃናት ያሉበትን የሙት ልጆች ማሳደጊያ ጎበኘች፤ ስትመለስም ለጋዜጠኞች ያየችውን ተናግራ ዓለም እህል እንዲልክ ለመነች። ክፍያዋ በዓመት አንድ ዶላር ነበር። ሆላንድ ውስጥ ያ የዓለም ጦርነት ሲያልቅ የእርዳታ ምግብና መድኃኒት ከደረሳቸው ልጆች አንዷ እሷ ነበረች፤ ይህንንም ራሷ ደጋግማ ተናግራለች። መቀሌ ያየቻቸውን ልጆች ሆድ ታውቀዋለች።

በሴፕቴምበር 1992 ሶማሊያ ሄደች። ከዚያ ስትመለስ ሆዷን ያማት ነበር፤ ካንሰር ነው። በጃንዋሪ 20 ቀን 1993 ስዊዘርላንድ ቤቷ ውስጥ በ63 ዓመቷ አረፈች።