ዊንዶውስ ሰርቨር 2012 እና የሜትሮ ገጽታው፦ አጠቃላይ ዳሰሳ

ዊንዶውስ ሰርቨር 2012 ማይክሮሶፍት ነሐሴ 29 ቀን 2004 ዓ.ም. ለገበያ ያቀረበው የሰርቨር ኦፐሬቲንግ ሲስተም ነው። ስሙ የፈረንጆቹን ዓመት ስለያዘ ከእኛ 2012 ጋር እንዳይምታታ፣ በዚህ ዳሰሳ የሚጠቀሱት ቀኖች ሁሉ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ተጽፈዋል። በባሕር ዳር፣ በደብረ ማርቆስ፣ በፍኖተ ሰላምና በእንጅባራ የሰርቨር ክፍል የሚጠብቁ ባለሙያዎች ስለ ገጽታ ለውጡ በአማርኛ የተሰባሰበ ጽሑፍ በቀላሉ ስለማያገኙ፣ ዳሰሳው በተለይ እነሱን በማሰብ ተዘጋጅቷል።

የማይክሮሶፍት ሰርቨሮች የዴስክቶፕን መልክ መውሰድ የጀመሩት በ2004 ዓ.ም. አይደለም። በ1988 ዓ.ም. የወጣው ዊንዶውስ ኤንቲ 4.0 ከአንድ ዓመት በፊት በዊንዶውስ 95 የታየውን ስታርት ሜኑ ተቀብሎ ነበር። ዊንዶውስ ሰርቨር 2003 በአንጻሩ የዊንዶውስ ኤክስፒን ደማቅ ቀለም ትቶ በቆየው ግራጫ መልክ መሥራትን መርጧል፤ ለሰርቨርም የሚስማማው ይህ ቁጥብነት ነበር።

ሰርቨር 2012 ከዊንዶውስ 8 ጋር አንድ ከርነል (የሲስተሙ እምብርት)፣ ማለትም ስሪት 6.2ን ይጋራል፤ ከእሱም ሜትሮ የተባለውን ንድፍ ወርሷል። ንድፉ ቀደም ሲል በ2003 ዓ.ም. በወጣው ዊንዶውስ ፎን 7 ላይ በሰፊው የታወቀ ሲሆን፣ ታይል በሚባሉ ባለ አራት ማዕዘን ሰሌዳዎችና በትልልቅ ፊደሎች ላይ ያተኩራል። ማይክሮሶፍት በ2004 ክረምት ሜትሮ የሚለውን መጠሪያ መጠቀም አቁሟል፤ ምክንያቱ ተመሳሳይ ስም ካለው የጀርመን የንግድ ድርጅት ጋር የተፈጠረ የንግድ ምልክት ጉዳይ ነው ሲባል፣ ኩባንያው በበኩሉ ስሙ ከመጀመሪያውም የሥራ መጠሪያ ብቻ እንደነበር ገልጿል።

በተግባር ትልቁ ለውጥ የስታርት በተን መጥፋት ነበር። ስታርት ሜኑን የተካውን ባለ ታይል ስታርት ስክሪን ለመክፈት የማውስ ቀስቱን ወደ ታችኛው የግራ ጥግ መውሰድ፣ ሰርቨሩን ለመዝጋት ወይም እንደገና ለማስነሳት ደግሞ በቀኝ ጥግ በኩል የሚመጣውን ቻርምስ የተባለ አሞሌ ከፍቶ ሴቲንግስ ውስጥ መግባት ያስፈልግ ነበር። ይህ አሠራር በጣት ለሚነካ ታብሌት የታሰበ ነው፤ ሰርቨር ግን ብዙውን ጊዜ የራሱ ስክሪን እንኳ የለውም። ከእንጅባራ ሆኖ ባሕር ዳር ያለ ሰርቨርን በሪሞት ዴስክቶፕ የሚከፍት ባለሙያ፣ መስኮቱ ሙሉ ስክሪን ካልሆነ ቀስቱ ጥጉን አልፎ ወደ ራሱ ኮምፒውተር ይወጣበታል፤ የዊንዶውስ ቁልፍን ቢጫንም የሚከፈተው የራሱ ኮምፒውተር ስታርት ነው። መስመሩ በደከመ ጊዜ ደግሞ መላው ስክሪን እንደገና እስኪሣል መጠበቅ ግድ ይሆናል። መፍትሔው ከርቀት አልት እና ሆምን አብሮ መጫን ነው፤ ሰርቨሩ አጠገብ ላለ ሰው ደግሞ የዊንዶውስ ቁልፍና ኤክስ አስፈላጊ መሣሪያዎችን የያዘ አጭር ሜኑ ያወጣሉ። እነዚህን ቁልፎች የያዘ ሰው ታይሎቹን ሳያይ መዋል ይችላል።

ከገጽታው ሁሉ በእውነት የሚመሰገነው አዲሱ ሰርቨር ማኔጀር ነው። በታይል የተዘጋጀው ዳሽቦርዱ የብዙ ሰርቨሮችን ሁኔታ በአንድ ላይ ያሳያል፤ ችግር ያለበትንም በቀይ ይለያል።

ከስክሪኑ በስተጀርባ የተደረገው ለውጥ ግን ከዚህ ሁሉ ይበልጣል። በሰርቨር 2008 የተጀመረው ግራፊክስ አልባው ሰርቨር ኮር በሰርቨር 2012 ቀዳሚው የመጫኛ ምርጫ ሆነ፤ ሲስተሙን እንደ አዲስ መጫን ሳያስፈልግም ከሙሉ ግራፊክስ ወደ ኮር፣ ከኮርም ወደ ግራፊክስ በሪስታርት ብቻ መዛወር ተቻለ። በመካከል ያለው አማራጭ ስታርት ስክሪኑን አስወግዶ ሰርቨር ማኔጀርን ያስቀራል። በሰርቨር 2008 አር2 ወደ 200 ገደማ የነበሩት፣ በጽሑፍ ሰርቨሩን ለማዘዝ የሚያገለግለው የፓወርሼል ትእዛዞች ከ2,300 በላይ ደረሱ። በመሆኑም ማይክሮሶፍት ታይሉን ለሰርቨር ያመጣው ባለሙያው ከስክሪን እንዲርቅ በሚገፋፋበት በዚያው ጊዜ ነው። በ1955 ዓ.ም. ተከፍቶ ዛሬ የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ አካል የሆነው አንጋፋው የፖሊቴክኒክ ተቋም፣ ፖሊ፣ እጅን ከመሣሪያ ጋር ማላመድን ለአካባቢው ያወረሰ ቤት ነውና፣ በእሱ መንገድ ለሠለጠነ ሰው ትእዛዝ ጽፎ መሥራት እንግዳ ሊሆን አይገባም።

ጥቅምት 8 ቀን 2006 ዓ.ም. የወጣው ሰርቨር 2012 አር2 የስታርት በተንን መለሰ፤ ይሁን እንጂ በተኑ የሚከፍተው ያንኑ ስታርት ስክሪን ነበር። ስታርት ሜኑ ራሱ የተመለሰው በ2009 ዓ.ም. በወጣው ሰርቨር 2016 ሲሆን፣ በዚያው ስሪት ከኮር ወደ ግራፊክስ የመዛወሩ ዕድል ቀርቷል፤ ይህም ተጠቃሚውን የጎዳ ውሳኔ ነው።

ለሁለቱም የ2012 ስሪቶች ይሰጥ የነበረው የተራዘመ ድጋፍ መስከረም 29 ቀን 2016 ዓ.ም. አብቅቷል። በክፍያ የሚገኘው የደኅንነት ማሻሻያም ጥቅምት 3 ቀን 2019 ዓ.ም. ላይ ያበቃል።