«አፕዴት ካደረግኩት ይበላሽብኛል»፦ ስለ ስልክ ማሻሻያ የምንሳሳታቸው ነገሮች

ባለፈው እሁድ አክስቴ ቤት ቡና እየጠጣን ስልኳን አቀበለችኝና «እስቲ ይቺን ነገር አጥፋልኝ፤ በየቀኑ ብቅ እያለች ትነዘንዘኛለች» አለችኝ። ነገሯ የሲስተም አፕዴት መልእክት ናት። አክስቴ «በኋላ» የሚለውን እየነካች ስታባርራት ከርማለች። ሴቲንግ ገብቼ ስልኩ ለመጨረሻ ጊዜ የደህንነት ማሻሻያ ያገኘበትን ቀን ፈለግኩ። 2023 ይላል። ሳሳያት «ታዲያ ገና አልደረሰም እኮ» አለች። ስልኩ የሚቆጥረው በፈረንጅ መሆኑን ስነግራት ነው የደነገጠችው። ሁለት ዓመት ሊሞላው ነው።

በዚያ ስልክ ላይ ቴሌብር አለ። የባንክ አፕ አለ። ሪያድ ያለችው ልጇ የምትልካቸው ፎቶዎች አሉ። «ለምን እስካሁን አላደረግሽውም?» አልኳት። «ያበላሸዋል ይላሉ» አለችኝ። ማን እንዳላት ግን አታስታውስም።

ይህንኑ መልስ ከጎረቤትም፣ ከመሥሪያ ቤት ጓደኛም ሰምቼዋለሁ። በጣም ያሳስበኛል። ስልክ ድሮ መደወያ ነበር፤ ዛሬ ገንዘባችን ያለው እሱ ውስጥ ነው። ስለዚህ የምሰማቸውን አንድ በአንድ ላንሳ። ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶች ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

«አሮጌው መልክ ተስማምቶኛል፤ ለምን እቀይራለሁ?»

ብዙ ሰው አፕዴት ሲባል የሚታየው አዲስ ቀለምና ቦታው የተቀየረ በተን ነው። እሱ አንዱ ዓይነት ነው፤ ከአንድሮይድ 13 ወደ 14 እንደመሄድ ያለ የስሪት ለውጥ። ብዙውን ጊዜ በዓመት አንዴ ይመጣል። ሌላው ዓይነት ግን መልኩን አይነካም። የደህንነት ማሻሻያ ይባላል፤ ሥራው የተገኘ ቀዳዳ መድፈን ነው።

2015 ላይ የሆነውን ልንገራችሁ። አንድሮይድ ውስጥ ስቴጅፍራይት የተባለ ችግር ተገኘ። ቀዳዳው የነበረው ስልኩ ቪዲዮ የሚያነብበት ክፍል ላይ ነው። አጥቂው ስልክ ቁጥራችሁን ካወቀ በቂው ነበር። ተንኮል ያለበት ቪዲዮ በኤምኤምኤስ (ፎቶና ቪዲዮ በሚላክበት የስልክ መልእክት) ይልካል፤ እናንተ መልእክቱን ሳትከፍቱት እንኳ ስልኩ ውስጥ መግባት ይቻል ነበር። ጉግል በየወሩ የደህንነት ማሻሻያ ማውጣት የጀመረው ይህ ከተሰማ በኋላ፣ በዚያው ዓመት ኦገስት ላይ ነው።

ብዙዎች የማያስተውሉት ደግሞ ይሄ ነው። ማሻሻያው ሲወጣ የተደፈኑት ቀዳዳዎች ዝርዝርም በይፋ ይወጣል። ዝርዝሩን ባለሙያ ያነበዋል፤ ሌባም ያነበዋል። ስለዚህ አፕዴት ያልተደረገ ስልክ ይበልጥ የሚጋለጠው ማሻሻያው ከወጣ በኋላ ነው። የትኛው በር እንደማይዘጋ ተነግሯላ!

«ፕሌይ ስቶር ገብቼ ሁሉንም አፕዴት አድርጌያለሁ»

ጥሩ ነው፤ ግን የታደሱት አፖቹ ናቸው። ቴሌግራምና ዩቲዩብ ሲታደሱ ከሥራቸው ያለው ሲስተም እንደነበረ ነው። ከአንድሮይድ 10 ወዲህ ሦስተኛ መንገድም አለ። አንዳንድ የሲስተሙን ክፍሎች ጉግል ራሱ በፕሌይ በኩል ያድሳቸዋል፤ «የጉግል ፕሌይ ሲስተም ዝማኔ» ይባላል፤ የራሱ ቀን አለው። ስልካችሁን በአማርኛ የምትጠቀሙ ከሆነ አፕዴትን «ዝማኔ» እያለ ነው የሚጠራላችሁ።

«መልእክት ካልመጣ አፕዴት የለም»

አምራቾች አንድን አፕዴት ለሁሉም ስልክ በአንድ ቀን አይለቁም። በአገር፣ በሞዴል፣ በየተራ ነው የሚለቁት። ችግር ካለ ጥቂቶች ጋ ሳለ እንዲታወቅ ነው። ተራው ደርሶ መልእክቱ የሚዘገይበት ጊዜም አለ። ስለዚህ ገብቶ ማየት ይሻላል።

ሳምሰንግ ላይ ሴቲንግ ገብታችሁ ወደ ታች ስትወርዱ «ሶፍትዌር አፕዴት» ታገኛላችሁ። አይፎን ላይ ሴቲንግ፣ ከዚያ ጄኔራል፣ ከዚያ ሶፍትዌር አፕዴት። ቴክኖና ኢንፊኒክስ ላይ ብዙ ጊዜ «ሲስተም» በሚለው ሥር ነው፤ አንዳንዱ ሞዴል ላይ ስለ ስልኩ የሚገልጸው ገጽ ላይ ይቀመጣል። ቦታው ከጠፋባችሁ ሴቲንጉ አናት ላይ ያለችው መፈለጊያ ላይ ቃሉን ጻፉት፤ እሷ ታመጣዋለች። አክስቴ ስልክ ላይ ያየሁትን ቀን ለማየት ደግሞ ስለ ስልኩ የሚለው ውስጥ፣ «አንድሮይድ ቨርዥን» (ሳምሰንግ ላይ «ሶፍትዌር ኢንፎርሜሽን») የሚለውን ንኩት። «ሴኩሪቲ ፓች» ወይም የደህንነት ዝማኔ ከሚለው ጋር ቀን ተጽፏል።

ዘመድ ከአሜሪካ ላመጣላችሁ ስልክ አንድ ነገር ልጨምር። እዚያ በቴሌ ኩባንያ በኩል የተሸጡ አንድሮይድ ስልኮች አፕዴታቸው በዚያ ኩባንያ ፈተናና ፈቃድ አልፎ ነው የሚለቀቀው። ተመሳሳይ ሞዴል የያዘ ጓደኛችሁ አግኝቶት ለእናንተ ቢዘገይ አንዱ ምክንያት ይህ ሊሆን ይችላል።

«ኩባንያዎቹ አፕዴት የሚልኩት ስልኩን አዘግይተው አዲስ ሊያስገዙን ነው»

ይሄኛው ከባዶ የመጣ ወሬ አይደለም። ስለዚህ በቁም ነገር ልመልሰው።

አፕል በ2017 መጀመሪያ አይኦኤስ 10.2.1 የተባለውን የአይፎን ሲስተም አፕዴት ለቀቀ። ባትሪያቸው ያረጀ አይፎኖች በድንገት ድርግም እያሉ ያስቸግሩ ነበር። ያረጀ ባትሪ ፕሮሰሰሩ (የስልኩ አንጎል) በአንድ ጊዜ ብዙ ኃይል ሲጠይቀው መስጠት ያቅተዋል። አፕል መላ ብሎ ያመጣው የፕሮሰሰሩን ፍጥነት መቀነስ ነበር። ለተጠቃሚው ግን በግልጽ አልነገረም። ሰዉ በሙከራ ደረሰበት፤ ኩባንያውም በዚያው ዓመት ዲሴምበር ላይ አመነ። ይቅርታ ጠየቀ፤ የባትሪ መቀየሪያውን ዋጋ ከ79 ዶላር ወደ 29 ዶላር አወረደ። በ2018 አይኦኤስ 11.3 ላይ የባትሪውን ጤንነት የሚያሳይ ገጽ አስገባ። በ2020 አሜሪካ ውስጥ የቀረበበትን ክስ እስከ 500 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማምቶ ዘጋ። የጣሊያን ተቆጣጣሪም በ2018 አፕልን 10 ሚሊዮን፣ ሳምሰንግን 5 ሚሊዮን ዩሮ በአፕዴት ጉዳይ ቀጥቷል።

ስለዚህ የሰው ጥርጣሬ ይገባኛል። መደበቃቸው ጥፋት ነበር፤ መቀጣታቸውም ትክክል ነው። ግን ታሪኩን ልብ ብላችሁ እዩት። ያንን ስልክ ያዳከመው ያረጀ ባትሪ ነበር። ባትሪውን የቀየሩ ሰዎች ፍጥነታቸው ተመልሶላቸዋል። ስልካችሁ ሦስትና አራት ዓመት ከሆነውና የሚንቀራፈፍ ከሆነ መጀመሪያ ባትሪውን ጠርጥሩ።

ሁለተኛው ተጠርጣሪ ስቶሬጅ ነው። 32 ጊጋ ስልክ ላይ 31ዱ በቴሌግራም ቪዲዮ ከተሞላ አፕዴት ቢደረግም ባይደረግም ስታክ ያደርጋል። አፕዴት ከተደረገ በኋላ አንድ ሁለት ቀን መጋሉና ባትሪ መጨረሱም እውነት ነው። ስልኩ አፖቹን ለአዲሱ ሲስተም እንደገና እያዘጋጀ፣ ፎቶዎቹንም እንደገና እየመዘገበ ስለሆነ ነው። ብዙ ሰው በዚያው በመጀመሪያው ቀን «አበላሸብኝ» ብሎ ይደመድማል። አቅሙ ትንሽ የሆነ ስልክ ላይ ትልቁ የስሪት ለውጥ የሚከብድበት ጊዜ እንዳለ አልክድም። ወርሃዊው የደህንነት ማሻሻያ ግን አብዛኛውን ጊዜ እንዲህ አያደርግም።

«ፎቶዬና የያዝኳቸው ቁጥሮች ይጠፋሉ»

አይጠፉም። ከሴቲንግ የሚደረግ አፕዴት የሚነካው ሲስተሙን ነው። ፎቶ፣ ኮንታክት፣ መልእክት ባሉበት ይቆያሉ።

ፍርሃቱ ከየት እንደመጣ ግን አውቃለሁ። ከስልክ ጥገና ቤት ነው። ስልኩ አልነሳ ሲል ወስደን እንሰጣለን፤ ልጁ «ሶፍትዌር ነው» ይልና ፍላሽ ያደርገዋል። ፍላሽ ማድረግ ሲስተሙን ከኮምፒውተር እንደ አዲስ መጫን ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ ውስጡ ያለውን ሁሉ ጠራርጎ ያወጣል። ስልካችን ባዶውን ይመለሳል። ሁለቱንም «ሶፍትዌር» ብለን ስለምንጠራቸው አንድ መሰሉን። አክስቴም አፕዴቱ ካለቀ በኋላ መጀመሪያ የከፈተችው ጋለሪውን ነው። የልጅ ልጇ የልደት ፎቶ እዚያው አለ። እፎይ አለች።

እንዲያም ሆኖ ከአፕዴት በፊት ፎቶ ባክአፕ ማድረግ ጥሩ ነው። ስልክ በታክሲ ውስጥም ይሰረቃልና ባክአፑ በማንኛውም ቀን ይጠቅማል።

«መሃል ላይ መብራት ቢጠፋ ስልኩ ይሞታል»

መብራት ቢጠፋ ስልኩ ባትሪ አለው። ሊያሳስብ የሚገባው የባትሪው መጠን ነው፤ ከ50 በመቶ በላይ ይሁን፣ ከተቻለ ቻርጀር ላይ ይሰካ። ስልኮቹም ራሳቸው ባትሪ ካነሰ አልጭንም ይላሉ። ብዙ አዳዲስ አንድሮይዶች ደግሞ ሲስተሙን የሚያስቀምጡበት ሁለት ቦታ አላቸው። በአንዱ እየሠራችሁ አዲሱ በሌላኛው ላይ ይጫናል። ካልተሳካ ስልኩ በድሮው ይነሳል። ይህን አሠራር ጉግል በ2016 በአንድሮይድ 7 አመጣው፤ ሳምሰንግ ዘግይቶ በ2024 በጋላክሲ ኤ55 ጀመረው።

«ጥቅሌን ሁሉ ይበላዋል»

እዚህ ላይ እውነት አለው። የደህንነት ማሻሻያ ብዙ ጊዜ በመቶዎች ሜጋባይት ነው፤ ትልቁ የስሪት ለውጥ ደግሞ ጊጋዎችን ይጠይቃል። መጠኑ ከማውረዳችሁ በፊት ስክሪኑ ላይ ይጻፋል፤ እዩት። በዋይፋይ ብቻ እንዲያወርድ ማዘዝ ይቻላል። ማውረድና መጫን የተለያዩ ናቸው። መሥሪያ ቤት ወይም ካፌ ዋይፋይ ላይ አውርዳችሁ ማታ ቤት መጫን ትችላላችሁ።

«ቴሌግራም ላይ የተለቀቀውም ያው ነው»

አይደለም! እባካችሁ ይሄን ለቤተሰብ ሁሉ ንገሩ። የስልክ ሲስተም ቴሌግራም ላይ በሚላክ ኤፒኬ ፋይል አይታደስም። ኤፒኬ አፕ ነው፤ «የአንድሮይድ አፕዴት» የሚል ስም ስለተሰጠው ሌላ ነገር አይሆንም። በስልክ ደውሎ «አፕዴት ላድርግልዎ፣ የደረሰዎትን ቁጥር ይንገሩኝ» የሚል ሰውም ሌባ ነው።

በእኛው ሰዎች ላይ የደረሰ ነገር አለ። በ2017 ዲሴምበር በቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ ያለው ሲቲዝን ላብ የተባለ የምርምር ቡድን አንድ ምርመራ ይፋ አደረገ። በአሜሪካ፣ በእንግሊዝና በሌሎች አገሮች ለሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ተቃዋሚዎች የስለላ ሶፍትዌር በኢሜይል ሲላክላቸው ነበር። የለበሰው መልክ የአዶቤ ፍላሽ፣ ማለትም ኮምፒውተር ላይ ቪዲዮ የሚያጫውት ፕሮግራም፣ አፕዴት ነበር። ያ በኮምፒውተር ላይ ነው፤ መንገዱ ግን ያው ነው። ሰው «አፕዴት» የሚል ቃል ሲያይ እንደሚያምን አውቀውበት ነው። እውነተኛው አፕዴት የሚገኘው ስልኩ ሴቲንግ ውስጥ ነው።

«ሲስተሙ ታድሷል ካለኝ አለቀ»

አክስቴ ስልክ ላይ ሁለት አፕዴት ተከታትሎ ወረደ። ሦስተኛው ቡና ሳይጠጣ ስልኩ ተነሳ። ቀኑን እንደገና አየሁት። ወደ ፊት ሄዷል፤ ግን 8 ወር ያለፈው ቀን ላይ ቆሟል። እንደገና ፈልግ አልኩት። «ሲስተምዎ የተዘመነ ነው» አለኝ።

ያ ቃል ያሳስታል። ለዚህ ስልክ ከዚህ በኋላ የተዘጋጀ ነገር የለም ማለቱ ነው። አምራቾች ለእያንዳንዱ ሞዴል አፕዴት የሚሰጡበት ዘመን የተወሰነ ነው። አፕል በ2013 ላወጣው አይፎን 5ኤስ በ2023 ጃንዋሪ ላይ እንኳ የደህንነት ማሻሻያ ለቋል። ጉግል ከፒክስል 8፣ ሳምሰንግ ከጋላክሲ ኤስ24 ጀምሮ 7 ዓመት ቃል ገብተዋል። ዋጋው ዝቅ ያለው ጋላክሲ ኤ16 6 ዓመት አለው። ብዙ ርካሽ ስልኮች ግን ከዚህ በጣም ያነሰ ነው የሚያገኙት።

አፕዴት የቆመበት ስልክ ወዲያው አይጣልም። ክሮምን፣ ቴሌግራምን፣ የባንኩን አፕ ከፕሌይ ስቶር ማደስ ይቻላል፤ ያም ይጠቅማል። ግን አፖችም ቀስ በቀስ ይተዉታል፤ ዋትስአፕ በ2025 ጃንዋሪ ላይ አንድሮይድ 4 ያላቸውን ስልኮች ትቷል። እኔ አክስቴን የመከርኳት የባንክ አፑን አዲስ ስልክ ወዳለው ልጇ ስልክ እንድታዛውረው አይደለም፤ ገንዘቧ የራሷ ነውና። ስልኩ እንዲቀየር ነው።

ማታውኑ ሪያድ ላለችው ልጇ ደወልን። «ስንት ጊጋ ላምጣላት?» ብላ ጠየቀች። ጊጋውን ተዪውና ባለሱቁን እስከ ስንት ዓመተ ምሕረት አፕዴት እንደሚያገኝ ጠይቂው አልኳት። ሐሙስ ሱቅ ትሄዳለች።