ቫዮላ ዴቪስ፦ በስህተት የሚወራውና እውነታው

የአሜሪካዊቷ ተዋናይት የቫዮላ ዴቪስ ስም ሲነሳ ወሬው ሁሉ ስለ ፊልምና ስለ ሽልማት ነው። ሴትየዋ ግን የመድረክ ልጅ ናት። ይሄ ስለሚረሳ ነው ብዙው ነገር የሚዛባው። (ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።)

«በ2011 ‹ዘ ሄልፕ› የተባለው ፊልም ሲወጣ ድንገት ገነነች»

ኧረ ድንገት የሚባል ነገር የለም! ጁሊያርድን፣ ኒው ዮርክ ያለውን የታወቀ የኪነ ጥበብ ትምህርት ቤት፣ የጨረሰችው በ1993 ነው። በ1996 በኦገስት ዊልሰን ቲያትር «ሰቨን ጊታርስ» ለመጀመሪያ ጊዜ ብሮድዌይ፣ ማለትም የኒው ዮርክ ትልልቅ ቲያትር ቤቶች መድረክ ላይ ወጣች፤ ወዲያው ለቶኒ፣ ማለትም ለአሜሪካ ትልቁ የቲያትር ሽልማት ታጨች። በ2001 በዚሁ ደራሲ ሌላ ሥራ ቶኒውን ወሰደችው። ያኔ ሆሊውድ ገና ትንንሽ ሚና ነበር የሚሰጣት።

«‹ዳውት› ላይ ለኦስካር የታጨችው ሚናዋ ትልቅ ስለነበር ነው»

በዚህ ፊልም በጠቅላላው ስምንት ደቂቃ ገደማ ብትታይ ነው። የተማሪው እናት ናት። መነኩሲቷ፣ ሜሪል ስትሪፕ፣ ቄሱ ልጅሽ ላይ መጥፎ ነገር ሳያደርስበት አልቀረም ብላ ስትነግራት፣ እናትየው ትጮኻለች ብለን ስንጠብቅ እሷ ግን ልጁ እስከ ሰኔ ትምህርቱን እንዲጨርስ ብቻ ነው የምትለምነው፣ ምክንያቱም ቤት ውስጥ አባቱ ይደበድበዋል፣ ከዚያ ትምህርት ቤት ከወጣ ደግሞ ሌላ ዕድል የለውም። ከስትሪፕ ፊት ቆሞ ትዕይንቱን የራስ ማድረግ ቀላል አይደለም። እሷ አድርጋዋለች።

«‹ፌንስስ› ላይ በመሪ ተዋናይትነት ኦስካር አገኘች»

በረዳት ተዋናይትነት ነው፣ በ2017። የሚገርመው፣ በፊልሙ የተጫወተቻትን ገጸ ባሕርይ፣ ያቺኑ ሮዝን፣ በ2010 ከዴንዘል ዋሽንግተን ጋር ብሮድዌይ ላይ ስትጫወት ቶኒ የተሰጣት በመሪ ተዋናይትነት ነበር። ለፊልሙ ቅስቀሳው የተደረገው በረዳት ምድብ ስለነበር ነው እንጂ ሚናዋስ ያው ነው። እኔን ከጠየቃችሁኝ ሮዝ የማንም ረዳት አይደለችም።

«ኤሚ ያሸነፈች የመጀመሪያዋ ጥቁር ሴት ናት»

አይደለችም። ኤሚ የቴሌቪዥን ሽልማት ነው፤ በ2015 በተከታታይ ድራማ መሪ ተዋናይትነት የመጀመሪያዋ ጥቁር ሴት ሆነች። በኮሜዲ ግን ኢዛቤል ሳንፎርድ በ1981 ቀድማታለች።

«ግራሚዋን በዘፈን አገኘች»

ግራሚ በዋናነት የሙዚቃ ሽልማት ቢሆንም፣ በ2023 የወሰደችው የራሷን የሕይወት ታሪክ መጽሐፍ በድምፅ አንብባ ነው። በዚያም ኤሚ፣ ግራሚ፣ ኦስካርና ቶኒ ሞላላት። በዚህም የመጀመሪያዋ ጥቁር ሴት አይደለችም፤ ውፒ ጎልድበርግና ጄኒፈር ሃድሰን ቀድመዋታል። ግርታው የመጣው ምናልባት በ2020 የብሉዝ ዘፋኟን ማ ሬይኒን በፊልም ስለተጫወተች ይሆናል። እዚያም ቢሆን አብዛኛውን ዘፈን የዘፈነችው ማክሳይን ሉዊስ ናት። ፊልሙ የተሠራው ከማን ቲያትር ነው ካላችሁ ደግሞ፣ አሁንም ከኦገስት ዊልሰን።