የቀለህ ቅርጽ ለውጥ፦ የአንዱን ጠመንጃ ቀለህ ለሌላው

ቀለህ ባሩዱን፣ እርሳሱንና ባሩዱን የሚያቀጣጥለውን ካፕሱል አንድ ላይ የሚይዘው የጥይት አካል ነው። ከተተኮሰ በኋላ መሬት ላይ የሚቀረውም እሱ ነው። የአንድን ጠመንጃ ቀለህ አጥብቦ፣ አሳጥሮ ወይም አስፍቶ ለሌላ ዓይነት ጠመንጃ እንዲሆን ማድረግ ራሱን የቻለ ሙያ ነው። ባዶ ቀለህን መልሶ ከመሙላት ይለያል። ሲሞላ ጥይቱ ያው የድሮው ነው፤ ቅርጹ ሲለወጥ ግን ሌላ ጥይት ይሆናል። በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመቶች፣ ዓ.ም. ካልተባለ በስተቀር፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የቀለህ ናስ ከመቶ 70 እጁ መዳብ፣ 30 እጁ ዚንክ ነው። ሲጨመቅ ቶሎ አይሰበርም፤ ደጋግመው ሲሠሩት ግን እየደረቀ ይሄድና አንገቱ ላይ ይሰነጠቃል። ስለዚህ አንገቱ (እርሳሱን የሚይዘው ጠባብ ጫፍ) እና ትከሻው (ከሰፊው አካል ወደ አንገቱ የሚጠብበት ቦታ) በእሳት እንዲለሰልስ ይደረጋል። መቀመጫውን፣ ማለትም ካፕሱሉ ያለበትን የኋላ ጫፍ፣ እሳት እንዲነካው አይፈቀድም። የተኩሱን ግፊት የሚችለው እሱ ነው፤ ከለሰለሰ ጋዙ ወደ ኋላ፣ ወደ ተኳሹ ፊት ሊወጣ ይችላል።

የናስን ጠባይ ለማወቅ ብዙ ዘመን ወስዷል። ሕንድ ውስጥ የነበረው የእንግሊዝ ጦር በዝናብ ወራት ጥይቱን ጋጣ ውስጥ ያስቀምጥ ነበር። ክረምቱ ሲያልፍ ብዙው ቀለህ ተሰነጣጥቆ ይገኛል። ምክንያቱ በ1921 ተብራራ። ከፈረስ ሽንት የሚወጣው አሞኒያ በሥራ ጊዜ ናሱ ውስጥ ከቀረው ውጥረት ጋር ሲገናኝ ብረቱን ይሰነጥቀዋል። በእሳት ማለስለስ ይህን ውጥረት ያወጣዋል።

አሁን ወደ ታሪኩ። ከጦር ሠራዊት ጠመንጃዎች ጥሩ ምሳሌ የሚሆነው እኛ ስናድር የምንለው ነው። የመጀመሪያ ውጊያው እዚሁ አገራችን፣ መቅደላ ሥር እሮጌ ላይ፣ ኤፕሪል 10 ቀን 1868 የተደረገው ነበር። እንግሊዞች በ1871 ማርቲኒ ሄንሪ የሚባለውን ጠመንጃ ሲቀበሉ ጥይቱን ከዜሮ አልጀመሩም። የስናድሩን .577 መቀመጫ ይዘው አንገቱን ወደ .450 አጠበቡት፤ እንዲህ ያሉት ቁጥሮች የጥይቱን ውፍረት በኢንች የሚናገሩ ናቸው። ጥይቱ እስከ ዛሬ በሁለቱም ቁጥር ይጠራል። ያኔ ቀለሁ ከተጠቀለለ ስስ ናስ የሚሠራ ስለነበር በቤት ውስጥ ለመለወጥ አይመችም። የዛሬዎቹ ሰብሳቢዎች ለማርቲኒ ሄንሪ ብራዚል ውስጥ የሚሠራውን ባለ 24 ጌጅ የናስ ቀለህ ያጠቡለታል። የአእዋፍ ማደኛ ቀለህ ነው፤ ሥራውን ግን አሳምሮ ይሠራል።

ሁለተኛው የውጅግራ ታሪክ ነው። ፈረንሳዮች በወረቀት ጥይት የሚተኩሰውን ሻስፖ የሚባል ጠመንጃ በ1874 ለናስ ቀለህ እንዲሆን አሻሻሉት። ይህ ባለ 11 ሚሊ ሜትር ጠመንጃ በአገራችን የተከበረ ነው። ዓድዋ ላይ በ1888 ዓ.ም. ከተተኮሱት መካከል ነበር። ጥይቱ ከአሞሌና ከማርትሬዛ ጎን ገበያ ላይ እንደ ገንዘብ ሲሠራ ኖሯል። ብር ይዞ ለመጣ ሰው መልሱ ጥይት ሊሆን ይችላል። እንዲህ ባለ አገር ቀለህ ተራ ቁራጭ ብረት አይደለም።

ፈረንሳዊው ኬሚስት ፖል ቪዬይ በ1884 ጭስ አልባ ባሩድ ሠራ። በጃንዋሪ 1886 የጦር ሚኒስትር የሆነው ጄኔራል ቡላንዤ በአዲሱ ባሩድ የሚተኩስ ጠመንጃ ባስቸኳይ እንዲደርስለት አዘዘ። አዲስ ቀለህ ለመንደፍ ጊዜ አልነበረም። የውጅግራው ቀለህ ተወሰደና አንገቱ ወደ 8 ሚሊ ሜትር ጠበበ። ለበል የምንለው ጠመንጃ ጥይት እንዲህ መጣ። መቀመጫው በጣም ሰፊ፣ ላዩ ቀጭን፣ መሐሉ ሁለት ጊዜ የሚጠብ ነው። በኋላ ለመትረየስ አስቸገረ። የሾሻ መትረየስ ካዝና ግማሽ ክብ የሆነው በዚሁ ቅርጽ የተነሳ ነው። ንድፉን የጥድፊያ ሥራ የሚሉት ብዙ ናቸው። እኔ ግን ትችቱ የበዛ ይመስለኛል። ይህ ቀለህ በዓለም የመጀመሪያው የጭስ አልባ ባሩድ የጦር ጠመንጃ ጥይት ነው። ዛሬ ለበል ያላቸው አሜሪካውያን ቀለሁን ከ.348 ዊንቸስተር ያወጡታል።

ከዚያ በኋላ ያለው ባብዛኛው የአሜሪካ ታሪክ ነው። በ1906 የወጣው 30-06 የሚባለው የአሜሪካ ጦር ጥይት የመቀመጫው ስፋት ከጀርመኑ ማውዘር ጋር አንድ ነው ማለት ይቻላል። 63 ሚሊ ሜትር ርዝመቱን ወደ 57 አሳጥረው የማውዘር ቀለህ ያደርጉታል። በ1925 የወጣው .270 ዊንቸስተርም የ30-06 የቅርብ ዘመድ ነው። ከ.308 ጥይት ደግሞ በ1955 .243 የሚባለው ተወለደ። ፒ. ኦ. አክሊ የተባለው ጠመንጃ ሠሪ በሰፋ የጥይት ክፍል ውስጥ ተኩሶ ቀለሁን በራሱ ግፊት የማስፋትን ዘዴ አስለመደ።

የሥራው መሠረት መቀመጫው ነው። አንገት ይጠባል፣ ርዝመት ይቆረጣል፤ የመቀመጫ ስፋት ግን ብዙ አይነካም። ስለዚህ ባለሙያው መጀመሪያ የሚፈልገው መቀመጫው የሚገጥም ቀለህ ነው። ከዚያ ዳይ የሚባለውን የብረት ቅርጽ ማውጫ ፕሬስ ላይ አስሮ ደረጃ በደረጃ ያጠበዋል። ባንድ ጊዜ ከተገፋ ትከሻው ይጨማደዳል። የድሮው ትከሻ የነበረበት ቦታ አዲስ አንገት ሲሆን ግድግዳው ይወፍራል። ካልተፋቀ እርሳሱን ጨብጦ ይይዛል፤ ግፊቱም ይጨምራል። የወታደር ቀለህ ግድግዳው ብዙ ጊዜ ወፈር ስለሚል ውስጡ ጠባብ ነው። ለሲቪሉ ቀለህ የተመዘነ ባሩድ እዚያ ውስጥ ሲገባ ግፊቱ ከልክ ሊያልፍ ይችላል።

ሌላው አደጋ ጽሑፉ ነው። መቀመጫው ላይ የተቀረጸው የድሮው ስም ነው፤ ቅርጹ ቢለወጥም ስሙ አይለወጥም። ከ.223 ቀለህ የሚወጣው .300 ብላክአውት ለዚህ ምስክር ነው። ሁለቱ በመቀመጫና በካዝና አንድ ስለሆኑ ብላክአውቱ .223 ጠመንጃ ውስጥ የሚገባበት ጊዜ አለ። ወፍራሙ እርሳስ በጠባቡ አፈሙዝ ማለፍ አይችልም፤ ጠመንጃው ይፈነዳል። ብዙዎቹ ለሁለቱ የተለያየ ቀለም ያለው ካዝና የሚይዙት ለዚህ ነው። በኢትዮጵያ የጦር መሣሪያና የጥይት ነገር የሚገዛው በአዋጅ ቁጥር 1177/2012 ዓ.ም. ነው።