ዋይፋይ ጠፋ ማለት ካርዱ ተቃጠለ ማለት አይደለም

ስለ ኔትወርክ ሁሉም ሰው ግምት አለው። አንዳንዱ ግምት ግን ደህና ዕቃ ያስቀይራል፣ ያልተበላሸ ነገር ያስጠግናል። በብዛት የሚሰሙትን እንያቸው።

«ዋይፋይ ማለት ኢንተርኔት ነው።» አይደለም። ዋይፋይ ከላፕቶፓችሁ እስከ ራውተሩ ድረስ ያለው የሬዲዮ ግንኙነት ብቻ ነው። ከራውተሩ ወዲያ ያለው የአገልግሎት ሰጪው መስመር ነው። መስመሩ ቢቋረጥም ራውተሩ ማሰራጨቱን አያቆምም። ለዚህ ነው ምልክቱ ሙሉ ሆኖ አንድም ገጽ የማይከፈተው።

«ላፕቶፑን ፎርማት ካስደረግኩት ወዲህ ዋይፋይ የለውም፤ ካርዱ ተቃጥሏል።» ይሄኛው ብዙ ሰው ያለአግባብ ገንዘብ ያወጣበታል። ፎርማት ሲደረግ የሚጠፋው ካርዱ (ላፕቶፑ ውስጥ ዋይፋይ የሚቀበለው ዕቃ) ሳይሆን ድራይቨሩ ነው፤ ማለትም ኦፐሬቲንግ ሲስተሙ ካርዱን የሚያዝበት ሶፍትዌር። ዊንዶውስ ብዙ ድራይቨሮችን ይዞ ይመጣል፣ ሁሉንም ግን አይይዝም። በተለይ የተጫነው ዊንዶውስ ከካርዱ ቀድሞ የወጣ ከሆነ ካርዱን አያውቀውም።

ዊንዶውስ ውስጥ የኮምፒውተሩን ዕቃዎች የሚዘረዝረውን ዲቫይስ ማናጀርን ክፈቱ። «ኔትወርክ ኮንትሮለር» የሚል ቢጫ ምልክት ያለበት መስመር ካያችሁ ካርዱ በሕይወት አለ፤ የጎደለው ድራይቨር ነው። ጭራሽ ምንም ካልታየ ግን ካርዱን ብትጠረጥሩት አይፈረድባችሁም። ያኔም ቢሆን ባዮስ (ዊንዶውስ ከመነሳቱ በፊት የሚከፈተው የኮምፒውተሩ ማስተካከያ) ውስጥ ተዘግቶ እንደሆነ መጀመሪያ እዩ።

ችግሩ ድራይቨሩን ለማውረድ ኢንተርኔት ያስፈልጋል፣ ኢንተርኔት ለማግኘት ደግሞ ድራይቨሩ። መፍትሔው ግን ኪሳችሁ ውስጥ ነው። አንድሮይድ ስልክ በዩኤስቢ ገመድ ሰክታችሁ «ዩኤስቢ ቴተሪንግ» የሚለውን አብሩ። ለዚህ የሚሆነው ድራይቨር ከዊንዶውስ ጋር አብሮ ስለሚመጣ ኮምፒውተሩ ስልኩን እንደ ኔትወርክ ካርድ ይቆጥረዋል። አብዛኞቹ ስልኮች የያዙትን ዋይፋይ ጭምር በገመዱ ያሳልፋሉ፤ ዳታ ላይቆርጥባችሁ ይችላል።

«የዋይፋይ አስማሚው ስም አንድ ከሆነ ድራይቨሩም አንድ ነው።» ወሳኙ በካርቶኑ ላይ የተጻፈው ስም ሳይሆን ውስጥ ያለው ቺፕ ነው። የቲፒ-ሊንክ ቲኤል-ደብሊውኤን722ኤን የተባለው የዩኤስቢ ዋይፋይ ጥሩ ምሳሌ ነው። የመጀመሪያው ዕትም የአቴሮስ ቺፕ ነበረው፤ ሁለተኛው ሪልቴክ ሆነ። መልኩም ስሙም ያው ነው፣ ድራይቨሩ ግን ሌላ። ስለዚህ ዲቫይስ ማናጀር ውስጥ «ሃርድዌር አይዲ» የሚለውን አውጥታችሁ በእሱ ፈልጉ። የአምራቹ ቁጥር 8086 ከሆነ ለምሳሌ ኢንቴል ነው። ድራይቨር በራሱ ፈልጎ ይጭናል የሚባሉትን ነፃ ፕሮግራሞች እኔ አልመክርም፤ ከድራይቨሩ ጋር ብዙ ጉድ ይዘው ይገባሉ።

«ሊኑክስ ዋይፋይ አይችልም።» ያረጀ ወሬ ነው። አብዛኛው ድራይቨር እዚያው ከርነሉ (የሊኑክስ እምብርት) ውስጥ አለ። ያስቸግር የነበረው ካርዱ ራሱ የሚፈልገው ፈርምዌር፣ ማለትም ካርዱ ውስጥ የሚሠራው ሶፍትዌር ነው። ከሊኑክስ ዓይነቶች አንዱ የሆነው ዴቢያን እንኳ ነፃ ያልሆነ ፈርምዌርን በዋናው መጫኛው ውስጥ ማካተት የጀመረው በ2023 እ.ኤ.አ. በወጣው 12ኛ ዕትሙ ነው።

«ድራይቨር ከታደሰ ሁሉም ይስተካከላል።» አንዳንዴ እውነት ነው። አሮጌ ድራይቨር ያላቸው አንዳንድ የኢንቴል ካርዶች የዋይፋይ 6 ራውተርን ስም ጭራሽ አያሳዩም፤ ድራይቨሩ ሲታደስ ብቅ ይላል። ነገር ግን ካርዱ የተሠራው ለ2.4 ጊጋኸርዝ የሬዲዮ ሞገድ ብቻ ከሆነ፣ የትኛውም ድራይቨር 5 ጊጋኸርዝ አያመጣለትም። ኦፐሬቲንግ ሲስተሙም የራሱ ገደብ አለው። ካርዱ ቢችልም እንኳ የዋይፋይ 6ኢ 6 ጊጋኸርዝ በዊንዶውስ 10 አይሠራም፤ ዊንዶውስ 11 ይፈልጋል።

«አይፒዬ 192.168.1.5 ነው፤ ሰው ካወቀው ይጠልፈኛል።» አይፒ ኮምፒውተሩ በኔትወርክ ውስጥ ያለው አድራሻ ነው፤ ጎረቤታችሁም ይሄው ቁጥር ሊኖረው ይችላል። በ192.168 የሚጀምሩ አድራሻዎች ለውስጥ ኔትወርክ የተለዩ ናቸው፤ ከውጭ የሚታየው የራውተሩ አድራሻ ነው። ይልቅ ቁጥሩ በ169.254 ከጀመረ ልብ በሉ። ኮምፒውተሩ አድራሻ ጠይቆ የሚሰጠው ሲያጣ ለራሱ ያወጣው ነው። በእንዲህ ያለ ጊዜ ድራይቨሩን ተዉትና ራውተሩን ወይም ገመዱን እዩ።

«ማክ አድራሻ አይቀየርም።» ማክ አድራሻ የኔትወርክ ካርዱ መለያ ቁጥር ነው። ፋብሪካው የሰጠው ቁጥር እዚያው አለ፤ ግን ከአንድሮይድ 10 እና ከአይኦኤስ 14 ወዲህ ስልኮች ለየዋይፋዩ የተለየ የዘፈቀደ አድራሻ ያሳያሉ። ራውተራችሁ በማክ አድራሻ ብቻ የሚያስገባ ከሆነ የገዛ ስልካችሁን ቢመልሰው አይግረማችሁ።

«10 ሜጋ ከፍዬ 1 ሜጋ ብቻ ያወርዳል።» የሚሸጠው በሜጋ ቢት ነው፣ ማውረጃው የሚያሳየው በሜጋ ባይት። ለ8 አካፍሉት፤ 10 ሜጋ ቢት በሰከንድ ቢበዛ 1.25 ሜጋ ባይት ነው።

«በኬብል ከሆነ ፍጥነቱ ሁሌም ሙሉ ነው።» ለ100 ሜጋ ቢት ከስምንቱ ሽቦዎች አራቱ ይበቃሉ። ለ1 ጊጋ ቢት ግን ስምንቱም መሥራት አለባቸው። 100 ከማይጠቀምባቸው አራቱ አንዷ ከተቆረጠች ግንኙነቱ ብዙ ጊዜ ሳይቋረጥ ወደ 100 ይወርዳል፣ ማንም ሳያስተውል። ካርድም ራውተርም ከመቀየራችሁ በፊት የኬብሉን ጫፍ እንደገና ክሪምፕ አስደርጉት፤ ማለትም መሰኪያውን በአዲስ አስጭኑት።