የአዮዋ አሳማ አርቢዎችና ዩኒቨርሲቲዎች፦ የምርምርና የትምህርት ትብብር አሠራር

አዮዋ በአሜሪካ መካከለኛው ምዕራብ የምትገኝ የበቆሎና የአኩሪ አተር ግዛት ናት። በአገሪቱ ካሉት 75 ሚሊዮን ገደማ አሳማዎች ሲሶ ያህሉ የሚረቡት እዚያ ነው። በኤምስ ከተማ ያለው የአዮዋ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ለዘርፉ የእንስሳት ሐኪም ያሠለጥናል፣ በሽታ ይመረምራል፣ መኖ ይፈትናል፤ ለዚህ ሥራ ከሚወጣው ገንዘብ ከፊሉ የሚመጣው ከአርቢዎቹ ኪስ ነው። በሚኒሶታ፣ በካንሳስና በሚዙሪም ተመሳሳይ አሠራር አለ፤ ይህ ዳሰሳ ግን በዋናነት አዮዋ ላይ ያተኩራል። ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር የተሰጡ ናቸው።

መሠረቱን የጣሉት ሦስት ሕጎች ናቸው። የ1862ቱ የሞሪል ሕግ ለየግዛቱ የፌደራል መሬት ሰጥቶ፣ ከሽያጩ በሚገኘው ገንዘብ የእርሻና የቴክኒክ ኮሌጅ እንዲቋቋም አደረገ፤ ሕጉን ቀድማ የተቀበለችው አዮዋ ናት። የ1887ቱ የሃች ሕግ ከኮሌጆቹ ጋር የምርምር ጣቢያ አቆመ። የ1914ቱ የስሚዝ ሌቨር ሕግ ደግሞ የምርምሩን ውጤት ገበሬው ደጃፍ የሚያደርስ የኤክስቴንሽን አገልግሎት ጨመረበት። ይህ አደረጃጀት ለኢትዮጵያዊ አንባቢ እንግዳ አይደለም፤ በ1950ዎቹ በኦክላሆማ እርሻ ኮሌጅ እገዛ የተመሠረተው የአለማያ ኮሌጅ፣ የዛሬው ሀረማያ ዩኒቨርሲቲ፣ የተቀረጸው በዚሁ አምሳያ ነው።

ገንዘቡ

በ1985 በወጣ የፌደራል ሕግ መሠረት አንድ አሳማ በተሸጠ ቁጥር ከዋጋው ላይ መዋጮ ይቆረጣል። መጠኑ ለብዙ ዓመታት ከ100 ዶላር 40 ሳንቲም ሆኖ ቆይቶ በ2023 ወደ 35 ሳንቲም ወረደ፤ በዚህ መጠን 200 ዶላር ከሚያወጣ አሳማ 70 ሳንቲም ማለት ነበር። ገዢው ቆርጦ ለብሔራዊ የአሳማ ሥጋ ቦርድ ያስተላልፋል። ቦርዱ ገንዘቡን ለማስታወቂያ፣ ለምርምርና ለትምህርት ያውለዋል፤ ሕግ አውጪዎችን ለመወትወት ግን እንዳይጠቀምበት ተከልክሏል።

ለምርምር የሚመደበው ገንዘብ በውድድር ነው የሚሰጠው። አርቢዎች፣ የእንስሳት ሐኪሞችና ተመራማሪዎች የተቀላቀሉባቸው ኮሚቴዎች የዓመቱን ጥያቄዎች ይለያሉ፣ ጥሪ ይወጣል፣ የዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ዕቅዳቸውን ያስገባሉ። ያሸነፈው ተመራማሪ በመጨረሻ ከሚያስረክበው ሪፖርት ጋር አርቢው ሊረዳው በሚችል ቋንቋ የተጻፈ አጭር ማጠቃለያ ማያያዝ አለበት። ትንሽ የሚመስለው ይህ ግዴታ ብዙ ጠቅሟል፤ በሠንጠረዥና በስታቲስቲክስ የታጨቀን ሪፖርት ከምሽት ሥራ በኋላ ቁጭ ብሎ የሚያነብ አርቢ ጥቂት ነው።

ከቦርዱ ውጭ የመድኃኒት፣ የመኖና የዘር ኩባንያዎች ከዩኒቨርሲቲዎች ጋር በቀጥታ ይዋዋላሉ። በእንዲህ ያለ ውል ብዙ ጊዜ የሚያከራክሩት ሁለት አንቀጾች ናቸው። አንዱ የኅትመት መብት ነው፦ ዩኒቨርሲቲው ውጤቱን የማሳተም መብቱን ይዞ፣ ኩባንያው ረቂቁን ቀድሞ እንዲያይ ከ30 እስከ 60 ቀን ይሰጠዋል፤ ይህም ፓተንት (የፈጠራ ባለቤትነት መብት) የሚገባው ነገር ካለ እንዲያመለክት ነው። ቀነ ገደብ ያልተጻፈበት ውል ለኩባንያው የማይመች ውጤት መሳቢያ ውስጥ እንዲቀር በር ይከፍታል። ሌላው የግኝቱ ባለቤትነት ሲሆን፣ የተለመደው ፓተንቱ የዩኒቨርሲቲው ሆኖ ኩባንያው ፈቃድ ለመግዛት ቅድሚያ እንዲያገኝ ነው።

ላቦራቶሪው

ትብብሩ በየዕለቱ በሥራ ላይ የሚታየው በምርመራ ላቦራቶሪው ነው። የአዮዋ ስቴት የእንስሳት በሽታ ምርመራ ላቦራቶሪ በዓመት ከ100,000 በላይ የምርመራ ጥያቄዎችን ያስተናግዳል፤ አብዛኞቹ የአሳማ ናቸው። አርቢው ለምርመራው ይከፍላል፣ ተመራማሪው ደግሞ የትኛው ቫይረስ የት አካባቢ እየተዛመተ እንደሆነ ከማንም ቀድሞ ያያል።

ቀድሞ አንድን መንጋ ለመፈተሽ እያንዳንዱን አሳማ ላይኛው መንጋጋው ላይ በሽቦ ማነቂያ ይዞ ከአንገቱ ደም መቅዳት ግድ ነበር። ሁለት ሰው ይፈልጋል፣ እንስሳው ይጮኻል፣ ጊዜም ይበላል። ከ2000ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ የዩኒቨርሲቲው ተመራማሪዎች ያስፋፉት ዘዴ ግን ያገኘውን ሁሉ የሚያኝከውን የአሳማ ጠባይ ይጠቀማል። የጥጥ ገመድ፣ ጡት ለጣሉት ትንንሾች 1.3፣ ለሚደልቡት 1.6 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ያለው፣ ከመኖ ገንዳና ከውኃ መጠጫ ራቅ ተደርጎ ይሰቀላል፤ ጫፉ የአሳማዎቹ ትከሻ ጋር መድረስ አለበት። በአንድ ጋጣ ያሉ 25 ያህል አሳማዎች ከ20 እስከ 30 ደቂቃ እየተጋፉ ያኝኩታል። ከዚያ የራሰው ጫፍ ንጹሕ የላስቲክ ከረጢት ውስጥ ገብቶ ይጨመቃል፣ የከረጢቱ አንድ ማዕዘን ይቀደዳል፣ ፈሳሹም ወደ ቱቦ ይንቆረቆርና በበረዶ ተይዞ ይላካል።

ስህተት የሚፈጠረው በቀላል ነገር ነው። ገመዱ ወለል ከነካ ፍግ ይይዛል፤ ፍግ ደግሞ የቫይረሱን ዘረመል የሚፈልገውን የፒሲአር ምርመራ ያዛባል። ገመድ አይተው የማያውቁ አሳማዎች መጀመሪያ ስለሚሸሹ ከዋናው ናሙና በፊት ማለማመድ ያስፈልጋል። ብቻቸውን በጠባብ ክፍል የሚያዙ እናት አሳማዎችም ብዙ አይጓጉም። ውጤቱ የጋራ መሆኑም መዘንጋት የለበትም፦ ቫይረስ ጋጣው ውስጥ መኖሩን ይናገራል እንጂ የታመመው የትኛው እንደሆነ አይለይም። ገና ጡት ላልጣሉ ግልገሎች የሚሻለው ሌላ ዘዴ ነው፤ በተወለዱ በ3ኛው እስከ 5ኛው ቀን ሲኮላሹና ጭራቸው ሲቆረጥ የሚወጣው ሥጋ በባልዲ አፍ ላይ በተዘረጋ ጨርቅ ላይ ይጠራቀምና የሚንጠባጠበው ፈሳሽ ይመረመራል።

ይህን ሁሉ ጥንቃቄ ግድ ያለው በዋናነት ፒአርአርኤስ የተባለው የመራቢያና የመተንፈሻ አካላት በሽታ ነው። በ1980ዎቹ መጨረሻ አሜሪካ ውስጥ ሲነሣ ምንነቱ አልታወቀም ነበር፤ እናት አሳማዎች በእርግዝናቸው መጨረሻ ይጨነግፋሉ፣ ግልገሎች ለመተንፈስ ይታገላሉ። በ2013 የታተመ የአዮዋ ስቴት ጥናት በሽታው የአገሪቱን አርቢዎች በዓመት 664 ሚሊዮን ዶላር እንደሚያሳጣ አስልቷል። መንጋውን ለማጽዳት አዲስ እንስሳ ሳያስገቡ 200 ቀንና ከዚያ በላይ መዝጋት የተለመደ ነው። ጸድቷል ለማለት ደግሞ 30 ግልገል መመርመር በዘርፉ እንደ ደንብ ተይዟል፤ ቫይረሱ ከ10 በመቶ ባላነሱት ላይ ካለ፣ 30 ናሙና ቢያንስ አንዱን የማግኘት ዕድሉ 95 በመቶ ነውና። ቫይረሱ 2 በመቶዎቹ ላይ ብቻ ሲሆን ግን ያው 30 ናሙና ከግማሽ በላይ ጊዜ ያመልጠዋል። ለመክፈት የቸኮለ አርቢ የሚወድቀው እዚህ ላይ ነው፤ ለዚህም ነው ምርመራው በየወሩ የሚደጋገመው።

በ2013 የጸደይ ወራት ፒኢዲ የተባለ የተቅማጥ ቫይረስ ለመጀመሪያ ጊዜ አሜሪካ ገባ። ከአንድ ሳምንት በታች የሆናቸውን ግልገሎች ሁሉንም ማለት ይቻላል ይገድል ነበር፤ በአንድ ዓመት ውስጥ በሚሊዮን የሚቆጠሩ አለቁ። የአዮዋና የሚኒሶታ ላቦራቶሪዎች መመርመሪያ በፍጥነት ማዘጋጀት ቻሉ፤ ቫይረሱ እንዴት እንደገባ ግን አስቀድሞ የሚከታተል አካል አልነበረም። ከዚህ የተነሣ በ2015 ከመዋጮው በተመደበ 15 ሚሊዮን ዶላር የአሳማ ጤና መረጃ ማዕከል በኤምስ ተቋቋመ። የሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲም ከ2011 ጀምሮ የእርባታ ድርጅቶች በፈቃዳቸው የመንጋቸውን የበሽታ ሁኔታ በየሳምንቱ የሚያሳውቁበት ፕሮጀክት ያካሂዳል፤ የአገሪቱን እናት አሳማዎች ግማሽ ያህል ይሸፍናል። የእርባታው ስም በኮድ ተሸፍኖ ካልተያዘ ማንም መረጃ አይሰጥም፤ መንጋው መታመሙን ያወቀ ገዢ ዋጋ ይሰብራልና።

መኖ፣ ፍግና ዘር

የመኖ ሙከራ በአብዛኛው የሚካሄደው በአርቢ ጎተራና በአርቢ ቤት ውስጥ ነው። በአንድ ጋጣ ያሉ አሳማዎች ከአንድ ገንዳ ስለሚበሉ የሙከራው መቁጠሪያ ጋጣው ነው፤ 1,200 አሳማ ያለበት ቤት 48 ጋጣ ካለውና አራት ዓይነት መኖ ከተፈተነበት፣ ለእያንዳንዱ መኖ ያለው ድግግሞሽ 12 ብቻ ነው። 1,200 እንስሳ ፈተንኩ ብሎ የሚያሰላ ጀማሪ ያልነበረ ልዩነት ያገኛል። ሙከራ የሚያበላሹት ደግሞ የታወቁ ናቸው፦ የመኖ መኪናው በስህተት ሌላ ጎተራ ውስጥ ይገለብጣል፣ ሠራተኛው የታመመውን አሳማ ሳይመዘግብ ወደ ሌላ ጋጣ ያዛውራል፣ ሚዛኑ ሳይስተካከል ወር ያልፈዋል።

ፍግ ራሱን የቻለ የምርምር መስክ ነው። በ2009 አካባቢ ከቤቶቹ ወለል በታች ባሉ ጥልቅ የፍግ ጉድጓዶች ላይ ወፍራም አረፋ መታየት ጀመረ። አረፋው ሚቴን ጋዝ አምቆ ይይዛል፤ ሲናወጥ ጋዙ በአንድ ጊዜ ይለቀቅና የብየዳ ወይም የማሞቂያ ፍንጣሪ ካገኘው ይፈነዳል። የአዮዋ፣ የሚኒሶታና የኢሊኖይ ዩኒቨርሲቲዎች በአርቢዎች ገንዘብ ተባብረው ሲያጠኑት የጋዙ ብዛት፣ ቅባት አዘል አሲዶችና አረፋውን የሚያጠነክሩ ጥቃቅን የፕሮቲን ቅንጣቶች ሲገናኙ እንደሚፈጠር ደረሱበት። ለከብት መኖ የሚውለው ሞኔንሲን ጉድጓዱ ውስጥ ሲጨመር ሚቴኑን እንደሚቀንስም ታየ። ጉድጓድ ሲናወጥ ሰው እንዳይገባና የአየር ማናፈሻው እንዲሠራ የሚለው ምክር ግን አልተቀየረም።

በዘር በኩል ዋናው ምሳሌ ሲዲ163 የተባለው ጂን ነው። የፒአርአርኤስ ቫይረስ ወደ ሴል የሚገባው በዚህ ጂን በሚሠራው ፕሮቲን በኩል ነው። የሚዙሪ ዩኒቨርሲቲ፣ ካንሳስ ስቴትና ጂነስ የተባለው የዘር ኩባንያ ጂኑ የተስተካከለባቸው አሳማዎች በቫይረሱ እንደማይያዙ በ2015 መጨረሻ አሳተሙ፤ ሚዙሪ ቴክኖሎጂውን ለጂነስ በፈቃድ ሰጠ፤ የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር ኤፕሪል 30 ቀን 2025 አጸደቀው። ከኅትመቱ እስከ ማጽደቁ አሥር ዓመት ሊሞላ ትንሽ ቀርቶት ነበር።

ትምህርትና ቅሬታ

የእንስሳት ሕክምና ተማሪ በኮሌጁ ግቢ ብቻ የአሳማ ሐኪም አይሆንም፤ ሺህ እናት አሳማ ያለበት እርባታ ግቢ ውስጥ የለምና። አዮዋ ስቴት ለዚህ በምዕራብ አዮዋ ካለ የግል የአሳማ ክሊኒክ ጋር የተግባር ማሠልጠኛ ማዕከል አቋቁሟል። ተማሪው ወደ እርባታ ሲሄድ ሙሉ ገላውን ታጥቦ የግቢውን ልብስ ይለብሳል፤ ከሌላ እርባታ የመጣ ከሆነ እንደ ባለቤቱ ደንብ አንድ ወይም ሁለት ሌሊት ይጠብቃል። የመስክ መርሐ ግብር የሚፋለሰው ብዙ ጊዜ በዚህ ምክንያት ነው። ለሠራተኞች የሚሰጠው የጥራትና የአያያዝ ምስክር ወረቀት በየሦስት ዓመቱ ይታደሳል፤ ብዙዎቹ ሠራተኞች የላቲን አሜሪካ ተወላጆች ስለሆኑ ሥልጠናው በስፓኒሽም ይሰጣል።

ሁሉም አርቢ ግን አልተደሰተም። በ2000 በተካሄደ ድምፅ አሰጣጥ አብላጫው መዋጮው እንዲቀር መረጠ፤ የተረፈው ከመንግሥት ጋር በተደረገ ስምምነት ነው። ትንንሽ አርቢዎች ምርምሩ ለትልልቆቹ ያደላል ይላሉ፤ በ1980ዎቹ መጀመሪያ አዮዋ ከ50,000 በላይ አሳማ አርቢዎች ነበሯት፣ ዛሬ ከ10,000 በታች ናቸው። ለዚህ ምርምሩን ብቻ ተጠያቂ ማድረግ ይከብዳል፤ ከፋዩ ጥያቄውንም እንደሚመርጥ ግን አይካድም። ከፍግ ወደ መጠጥ ውኃ ስለሚገባ ናይትሬትና ጎረቤትን ስለሚያውክ ሽታ የሚነሡ ጥያቄዎች ከአርቢው ኪስ ይልቅ የሕዝብ ገንዘብ ይፈልጋሉ። በዩኒቨርሲቲው ውስጥ ለዘላቂ ግብርና በ1987 የተቋቋመው የሊዎፖልድ ማዕከል የግዛቱን በጀት በ2017 ሲያጣ ይህ ክፍተት ሰፍቷል።

በኢትዮጵያ የአሳማ እርባታ ትንሽ ነው፤ የኦርቶዶክስ ክርስቲያኑም ሙስሊሙም ሥጋውን አይበላም። እንዲያም ሆኖ ከ2011 ጀምሮ በአገሪቱ አሳማዎች ላይ የአፍሪካ አሳማ ትኩሳት ተገኝቷል፤ ከተገኙት ናሙናዎች የተለየው ቫይረስም ቀድሞ የማይታወቅ 23ኛ ዝርያ ሆኖ በ2017 ተመዝግቧል። ለኢትዮጵያ አርቢ ከአዮዋ ልምድ ይልቅ በቅድሚያ የሚጠቅመው የዚህ በሽታ መከላከያ ደንብ ነው፦ የሆቴል ትርፍራፊ የሚያበላ ሰው ምግቡን ሳያቋርጥ እያማሰለ በ90 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ለ60 ደቂቃ ማብሰል፣ የበሰለውንም ጥሬው በነበረበት ዕቃ አለመመለስ አለበት።